የግራው ፔዳል

እኛ ቤት አውሮፕላን አለ። ሳሎን ውስጥ፣ በቴሌቪዥኑና በቡፌው መሀል። አትሳቁ! ሞተሩ ሲነሳ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል፤ እማዬ የቡና እንግዳ ስትጠራ ደግሞ «በረራው ተሰርዟል» ይባልና ጠረጴዛው ወደ ጥግ ይገፋል።

ስለዚህ አውሮፕላን እንጻፍ ስንባባል ከርመናል። የዘገየነው ነገሩ የጌም ዕቃ ወሬ ስለሚመስል ነው። እውነቱን ለመናገር የጌም ዕቃ ወሬ ነው። ግን መሀሉ ላይ አባታችን አሉ፣ እኛ ያጠፋነው አንድ ጥፋትም አለ። (እኛ ስንል ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት ታናሽ እህት። የትኛው ምን እንዳጠፋ አትጠይቁን። በጋራ ነው ያጠፋነው።)

አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አውሮፕላን ጠግነዋል። ሰው «አውሮፕላን ላይ ነው የሚሠሩት» ሲባል ፓይለት ይመስለዋል፤ እሳቸው ግን መሪ ጨብጠው አንድ ቀን ከመሬት ተነስተው አያውቁም። የሚያውቁት መሪው ከተሳበ በኋላ ያለውን ነው፦ ገመዱን፣ ፑሊውን፣ ዘንጉን፣ ጭራው ላይ ያለውን ሩደር። ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ አንድ ጠዋት ከአልጋ ሊወርዱ ሲሉ ግራ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ስትሮክ ነበር። አንደበታቸው ተረፈ፣ ቀኝ ጎናቸው ተረፈ። ግራው ደከመ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «በቀን ሦስት ጊዜ እግርዎን ግድግዳ ላይ አድርገው ይግፉ» ብላ አዘዘች። እሳቸው መች ይሰማሉ! «ግድግዳ ተገፍቶ የት ይደርሳል?» ይላሉ። እኛም ስናስበው ግድግዳው የትም እንደማይደርስ ገባን፤ ግን ለእሷ አልነገርናትም።

አንድ እሁድ ከመካከላችን አንዱ በአሮጌዋ ላፕቶፕ ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስን ከፍቶ ሴስና 172 ያበራል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ነው፤ አዲሶቹ የሚጠይቁት ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ከኛ ኪስ ጋር አይተዋወቅም። የሚነዳው በኪቦርድ ነበር። አባባ ከሶፋቸው ሆነው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩና፣

«ሩደሩን ማን ነው የሚነካው?» አሉ።

«ኮምፒውተሩ ራሱ ነው አባባ። ክንፉን ስናዘነብል እሱ አብሮ ያዞረዋል።»

«እንግዲያው ይሄ አውሮፕላን አይደለም» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

በቃ፣ ነገሩ ከዚያች ቀን ጀመረ።

መጀመሪያ ያገለገለ ጆይስቲክ ተገዛ። እጀታው ቀኝና ግራ፣ ፊትና ኋላ ይላል፤ ራሱም ይጠመዘዛል። ከሥሩ ስሮትል የሚሆን ትንሽ ማንሸራተቻ አለው። ሩደርን በመጠምዘዣው መሥራት ይቻል ነበር። የኛ ሐሳብ ግን እግር ነው። የሩደር ፔዳል የሚባለውን ዕቃ ስንጠይቅ ባለ ሱቆቹ ሁሉ የመኪና ፔዳል እያመጡ ያሳዩናል። ሰነባብተን የሠፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ሊዘጋ ነው ተባለና ሄድን። የመኪና መሪ ከነፔዳሉ አለ፤ ለየብቻ ግን አይሸጥም። ገዛነው። ሦስተኛው ዕቃ የትንሿ እህታችን አሮጌ ጌምፓድ ነው።

ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ሰካን። ምን ዓይነት ጉድ መሰላችሁ!

ሲሙሌተሩ አንድ ዕቃ በተሰካ ቁጥር «እንኳን ደህና መጣህ፣ ፓይለቱ አንተ ነህ» ብሎ መሪውንም፣ ስሮትሉንም፣ ሩደሩንም ያስረክበዋል። አንድ ጆይስቲክ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ደግነት ነው፤ ሰክቶ ይበራል። እኛ ግን ሦስት ሰካንና ሦስት ፓይለት ሾምን። ጆይስቲኩ «ቀጥ በል» ሲል፣ እህታችን ሶፋ ላይ የጣለችው ጌምፓድ በአውራ ጣቱ ዱላ ትንሽ ዘንበል ብሎ «ወደ ግራ» ይላል። አውሮፕላኑ በማን ይታዘዝ?

የባሰው ከጠረጴዛው ሥር ያለው ነው። ፔዳሎቹ የሚሰኩት በመኪናው መሪ በኩል ስለሆነ መሪውን ማስወጣት አይቻልም፤ በጀርባው አስተኝተን ከጠረጴዛ ሥር ከተትነው፣ ረሳነውም። አንድ ማታ ስድስት ሺህ ጫማ ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፗ በባትሪዋ ቀጠለች። መብራቱ ሲመለስ ግን መሪው ከእንቅልፉ ነቃ። ይህ ዕቃ ኃይል ሲያገኝ መሀሉን ለማግኘት በራሱ ሞተር ወደ ግራ እስከ ጥግ፣ ወደ ቀኝ እስከ ጥግ ይዞራል። ያ ሁሉ መዞር ሲሙሌተሩ ዘንድ የክንፍ ማዘንበል ትእዛዝ ነው። ሴስናችን በጀርባዋ ተገለበጠች። አባባ ከሶፋቸው ሆነው «ጠረጴዛ ሥር ማነው ያለው?» አሉ። ልክ ነበሩ፤ ፓይለቱ ጠረጴዛ ሥር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያበጀነውን ሥርዓት ለሚሞክር እንንገር። ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የተሰጠውን ሁሉ መሰረዝ ነው። አንድም ሳይቀር። ጎደሎውን ከመሙላት ይልቅ ከባዶ መጀመር ይቀላል። ከዚያ ወረቀት ላይ ማን ምን እንደሚይዝ መጻፍ፦ ጆይስቲኩ ክንፍ፣ አፍንጫና ስሮትል፤ መጠምዘዣው የተዘጋ። የመኪናው መሪ ምንም፤ ፔዳሎቹ ብቻ ሩደር። ጌምፓዱ ላይ ዱላዎቹ በሙሉ የተዘጉ፣ አራት ቁልፎች ብቻ የሚሠሩ። ሌላው ችግር ሶኬቱ ነው። ጆይስቲኩን ነቅላችሁ በሌላ ቀዳዳ ብትሰኩት ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጥረውና ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል። እህታችን ኩቴክሷን አምጥታ እያንዳንዱን ገመድና ቀዳዳ በቀለም አጋባቻቸው፤ ቀይ ከቀይ፣ ሐምራዊ ከሐምራዊ። ከኛ ሁሉ ብልጧ እሷ ናት፤ ይህን እዚህ መጻፋችንን እንዳትሰማ እንጂ።

ፔዳሎቹ የራሳቸው ጣጣ ነበራቸው። የመኪና ፔዳል ሁለት ነገር ነው፦ ነዳጅና ፍሬን፣ እያንዳንዱ ከዜሮ ተነስቶ እስከ ጥግ። ሩደር ግን አንድ መስመር ነው፤ መሀል አለው፣ ከመሀሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ስንነካካ ውለን ማታ የዕቃው ማስተካከያ ውስጥ ሁለቱን ፔዳል በአንድ መስመር የሚያጣምር ምርጫ አገኘን። ለድሮ የመኪና ጌሞች የተተወ ነው። አንዱ ሲረገጥ ቁጥሩ ይወጣል፣ ሌላው ሲረገጥ ይወርዳል፣ ሁለቱም ሲለቀቁ መሀል ይቆማል። እንግዲህ ነዳጁ የቀኝ እግር፣ ፍሬኑ የግራ እግር ሆነ።

አባባ እስከዚህ ድረስ ተመልካች ነበሩ። የልኬት መስኮቱን ስንከፍት ግን ወንበራቸውን አስጠግተው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄማ ሪጊንግ ነው!»

ሐንጋር ውስጥ አንድ መሪ ሲታሰር እንዲህ ነው አሉን። መጀመሪያ መሀሉ ይገኛል፤ መሪውም ክንፉም መሀል ላይ በፒን ይቆለፋሉ። ቀጥሎ ገመዱ ይወጠራል፤ ውጥረቱም በመሣሪያ ይለካል። ከዚያ ወደ ሁለቱም ጥግ ስንት ዲግሪ እንደሚሄድ ይታያል፤ መጽሐፉ ያለውን ካልደረሰ አይፈረምም። ሲፈረምም አንድ ሰው አይበቃም። የበረራ መሪ የነካ ሰው ሥራውን ሌላ ሰው እንደገና አይቶ፣ እሱም ይፈርማል። «የገዛ ስህተትህን ዓይንህ ለምዶታል፣ አታየውም» ይላሉ።

እኛ በየድረ ገጹ ስናነብ የከረምነውን እሳቸው በሌላ ስም ሠላሳ ዓመት ሠርተውታል። «ዴድ ዞን» የሚባለውን (መሀል ላይ ጆይስቲኩ ቢንቀጠቀጥም አውሮፕላኑ የማይሰማበት ጠባብ ቦታ) ስናስረዳቸው፣ «የላላ ገመድ ማለት ነው፤ ከፈለጋችሁ ትንሽ፣ ከበዛ ግን መሪው ውሸታም ይሆናል» ብለው አሳነሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሒሳብ ደብተር ተገዛ። ቀን፣ የተነካው ዕቃ፣ ቁጥሩ፣ የፈረመው፣ ያረጋገጠው። አረጋጋጯ እህታችን ናት።

ደብተሩ ሥራ የጀመረው በመጀመሪያው በረራ ነው። ቦሌ አስፋልት ላይ ቆመን ስሮትል ልንሰጥ ስንል አባባ «ቆይ፣ መሪ ይፈተሽ» አሉ። ከውጭ የሚያሳየውን እይታ ከፍተን ቀኝ እግራቸውን ሲረግጡ ሩደሩ ወደ ግራ ሄደ። ተገልብጦ ታስሮ ነበር! አንዷን ሳጥን ምልክት ማድረግ ብቻ የሚበቃት ስህተት ናት። እኛ ሳቅን፣ እሳቸው አልሳቁም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 ፖርቱጋል ውስጥ ከጥገና የወጣ የአየር አስታና ኤምብራየር 190 የክንፉ ገመዶች ተገልብጠው ታስረው ተነስቶ ነበር። ግራ ሲሉት ቀኝ እያለ፣ የፖርቱጋል ተዋጊ ጄቶች ታጅበውት፣ በብዙ መከራ ቤጃ ላይ አረፈ። ስድስት ሰው ነበረበት፤ ሁሉም ተረፉ። አባባ ያን ዜና የሰሙ ቀን ራት አልበሉም ነበር። ያኔ ምክንያቱ አልገባንም።

ቦሌ ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ከባሕር ወለል 7,600 ጫማ ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የሚሆነውን ነዳጅ ሙሉ ለሙሉ ከሰጣችሁት የሴስናዋ ሞተር ያፍናታል። እኛ ይህን ሳናውቅ ስሮትሉን እስከ ጥግ ገፍተን፣ ከሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚበልጠውን አስፋልት ጨርሰን ሣር ውስጥ ገባን። አባባ በድምፁ ብቻ አወቁት፦ «ሞተሩ ጠግቦ ነው፤ ቀንሱለት።» ሚክስቸር የሚባለው ቀዩ ማንሻ ለዚህ ነው። ጌምፓዱ ዱላ ላይ ልናደርገው ብንሞክር ዱላው ሲለቀቅ ወደ መሀል ስለሚመለስ አልሆነም። ስለዚህ በሁለት ቁልፍ ሆነ፤ አንዷ ትቀንሳለች፣ አንዷ ትጨምራለች። እህታችን ሶፋ ላይ እግሯን አጣጥፋ «ቀነስኩ… ቀነስኩ… ዙሩ ጨመረ… ወረደ… አንድ መለስኩ!» ትላለች። ስሮትሉ በግራ እጅ የሚያዝ ነውና እሱ ለኛ ተሰጠ። አንድ አውሮፕላን ለአራት እጅ። አባባ ጆይስቲክና ፔዳል ይዘው፣ በስድሳ አራት ዓመታቸው፣ ከቦሌ ተነሱ። እማዬ ከወጥ ቤት በር ላይ ማማሰያ እንደያዘች ነበር ያየችው። ምንም አላለችም። ወጡ ግን አረረ።

እንግዲህ ወደ ጥፋታችን ደረስን።

ባለ አንድ ፕሮፔለር አውሮፕላን ሙሉ ጉልበት ሲሰጠው አፍንጫው ወደ ግራ ይሳባል፤ ቀጥ የሚያደርገው የቀኝ እግር ነው። ስለዚህ አባባ ለመነሳት አልተቸገሩም፤ ቀኛቸው ደህና ነው። ሲያርፉ ግን፣ በተለይ ንፋሱ ከቀኝ ሲመጣ፣ አፍንጫው ወደ ንፋሱ ይዞርና የግራ እግር ይፈለጋል። የግራው ፔዳል ደግሞ ፍሬኑ ነው፤ ፍሬኑም ከነዳጁ ይልቅ ጠንካራ ስፕሪንግ አለው። ዕጣ እንዲህ ነው፤ ለደካማው እግር ጠንካራው ፔዳል ደረሰው። ልኬቱ ላይ መሀሉ 127 ነው፣ የግራ ጥግ 0። አባባ ባላቸው ኃይል ሁሉ ሲገፉ 88 ላይ ይቆማል። ከዚያ አያልፍም። አስፋልቱን እየሳቱ፣ ሣር ላይ እየቆሙ፣ ሳይናገሩ ጆይስቲኩን አስቀምጠው ይነሳሉ። አንድ ሳምንት ሙሉ «ዛሬ ደክሞኛል» አሉ።

ፈራን። ይሄም እንደ ግድግዳው ሊሆን ነው ብለን ፈራን።

አንድ ማታ ከተኙ በኋላ ልኬቱን ከፈትነው። ኮምፒውተር የዋህ ነው፤ ጥግ ያላችሁትን ጥግ ይለዋል። 88 ላይ «ይህ የግራው መጨረሻ ነው» አልነው። አመነን። ደብተሩ ላይ ምንም አልጻፍንም፣ አረጋጋጯም «በቃ እሺ» አለች። (በጋራ ነው ያልናችሁ ለዚህ ነው።)

በማግስቱ አባባ በሩ። ንፋስ ከቀኝ። አረፉ፣ አስፋልቱ መሀል ላይ! እኛ ጨፈርን፣ እማዬ እልል አለች። እሳቸው ግን አውሮፕላኑን አቁመው የውጩን እይታ ክፈቱልኝ አሉ። ግራ እግራቸውን ቀስ ብለው ገፉ። ሩደሩ ጥጉ ደረሰ። ለቀቁ። እንደገና ገፉ። ጭራውን አዩ፣ ቁልቁል እግራቸውን አዩ።

«ሩደሩ ከእግሬ ቀድሞ ደረሰ» አሉ። «የግራውን ገደብ ማነው የነካው?»

ዝም አልን።

«ደብተሩ ላይ አለ?»

«የለም፣ አባባ።»

ይጮኻሉ ብለን ነበር። ቢጮኹ ይሻል ነበር። «እኔ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያልደረሰውን ደርሷል ብዬ ፈርሜ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት። አለቃ ቆሞብኝ፣ መንገደኛ ተሳፍሮ እየጠበቀ እንኳ። አሁን በገዛ እግሬ ላይ ነው የምትፈርሙብኝ?»

እኛ ደግሞ እንዲበሩ ብለን ነው፣ ደስ እንዲልዎ ብለን ነው፣ እያልን ተንተባተብን። «ገብቶኛል» አሉ። «ግን እግሬ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ ይሄ ፔዳል ብቻ ነበር። ሐኪሟም እናንተም ‹ጎበዝ› ነው የምትሉኝ። ይሄ ግን 88 ይለኝ ነበር።»

ያን ሌሊት ከመካከላችን እንቅልፍ የወሰደው አልነበረም። ጠዋት ልኬቱን ወደ ነበረበት መለስን፣ ደብተሩ ላይም ያጠፋነውን ከነቀኑ ጻፍን። ከመካከላችን አንዱ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «ስፕሪንጉን ብናለሰልሰውስ? እሱም ውሸት ነው?»

አባባ አሰቡበት። «እሱ ሥራ ነው» አሉ። «ዕቃ መቀየር ሌላ፣ ቁጥር መቀየር ሌላ። ከተጻፈ ችግር የለም።»

ፔዳሉ ጋዜጣ ላይ ተገልብጦ ተፈታ። እሳቸው በቀኝ እጃቸው ብሎን ይፈታሉ፣ እኛ እንይዛለን። የእስክሪብቶ ስፕሪንግ ሞከርን፤ በጣም ላላ። አንድ የተበላሸ ስቴፕለር ውስጥ ያገኘነው ደግሞ አጠረ። በመጨረሻ የተጣለ የበር እጀታ ውስጥ የነበረው ልክ ሆነ። ፔዳሉ ተገጠመ፣ አባባ ገፉ፦ 61። ወዲያው ደብተሩ ላይ መስመር አሰመሩና ከሥሩ ጻፉ፦ «ስፕሪንግ ተቀይሯል። ከዚህ በላይ ካለው ቁጥር ጋር አይወዳደርም።» እኛ ከ88 ወደ 61 ወረደ ብለን ልንጨፍር ስንል ነው ይህን የጻፉት!

ያ ከሆነ ስምንት ወር ሊሞላው ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጥታ አይታዋለች፤ ጥሩ ነው ግን የታዘዘውን አይተካም ብላለች። ስለዚህ ግድግዳውም እየተገፋ ነው፤ እያጉረመረሙ። ቁጥሩ አንዳንድ ሳምንት ይወርዳል፦ 58፣ 57። አንዳንዴ ደግሞ ይመለሳል። ክረምቱ ላይ ጉንፋን ይዟቸው 66 ተጽፏል። እኛ ብንሆን ያቺን ሳምንት እንዘላት ነበር።

ባለፈው እሁድ ንፋሱን እናጥፋው ወይ ብለን ጠየቅናቸው። እንደ መስማትም አላሉን። የዕለቱ ጽሑፍ ደብተሩ ላይ እንዲህ ይላል፦

«የግራ ፔዳል 54። ንፋስ ከቀኝ 8 ኖት። ስናርፍ ከአስፋልቱ በግማሽ ጎማ ወጣን። መሪው ደህና ነው።»

ከሥሩ የእሳቸው ፊርማ አለ። ከጎኑ ደግሞ በሐምራዊ ኩቴክስ የተነካካ የአረጋጋጯ ፊርማ።